የካሰች ልጅ ቋንቋ

ካሰች ሲናደዱባት ዝም የምትል ሴት ናት። ያን ቀን ግን ዝም አላለችም። ሆሊውድ ከምትሠራበት ፓርኪንግ፣ ከትንሿ የመስታወት ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ከልጇ ትምህርት ቤት ለደወለችላት ካውንስለር ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ነገር ደገመችላት።

«አፍሪካንስ ቋንቋ ነው። ልጄ በትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምራዋለች። ትራንስክሪፕቷ ላይ አለ።»

«አይቼዋለሁ» አለች ካውንስለሯ። ሚስ ሪቬራ ትባላለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም። «የአፍሪካ ባህል መስሎኝ በኤሌክቲቭ አስገብቼው ነበር።»

ኤሌክቲቭ ማለት እንደ ሥዕል፣ እንደ ዳንስ፣ ተማሪው ደስ ካለው የሚወስደው ማለት ነው። ካሰች ሰባት መኪና ተሰልፎ እየጠበቃት፣ አፍሪካንስ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚናገረው፣ ደቡብ አፍሪካ የት እንደሆነች ስታስረዳ ቆየች። በመጨረሻ ሚስ ሪቬራ፣ «ኦኬ፣ አምኜሻለሁ። ግን እዚህ የሚያውቀው አስተማሪ የለንም፤ ማረጋገጫ ከሌለ ክሬዲት መስጠት አልችልም» አለች። ልጇ ኤልዳና ደግሞ የሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ከሌላት ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ማድረግ አትችልም። ማመልከቻው የሚዘጋው ኖቬምበር ሰላሳ ነው። የቀረው አምስት ሳምንት ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካሰችና ባሏ ፍሬው ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ኖረዋል። ኡፒንግተን በምትባል፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳ ከተማ፣ ከፊቷ የብረት ፍርግርግ ያላት ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ኤልዳና እዚያ የሄደችው በሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ አገር ከስምንተኛ ክፍል የሚጀምረው ሃይስኩል ስትገባ አፍሪካንስ ግዴታ ሆነ፤ እሱን የወደቀ ክፍሉን ይደግማል። በስምንተኛ ክፍል የመጀመሪያው ተርም ውጤቷ ከመቶ ሃያ ሦስት መጣ። አስተማሪዋ ሚስስ ስቴይን፣ ሳቅ የማታውቅ ቀጭን ሴትዮ፣ ካሰችን አስጠርታ፣ «ቤት ውስጥ የሚረዳት ከሌለ ትደግማለች» አለቻት።

ረጂው ማን ይሆናል? ፍሬው ዕቃ ለማምጣት መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ካሰች ደግሞ አፍሪካንስን የተማረችው ከደንበኛ ነው፤ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ሲጋራ፣ ነገ እከፍላለሁ። ሰዋስው የሚባል ነገር አታውቅም። ቢሆንም ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሳጥን ገልብጣ ልጇን አስቀመጠችና ማስተማር ጀመረች። ቋንቋው እምቢ ሲል ሁለት ጊዜ ነው እምቢ የሚለው፤ አንዱን መሃል፣ አንዱን መጨረሻ። ኤልዳና የመጨረሻውን ሁሌ እየረሳች ቀይ እስኪብርቶ ይወርድባት ነበር። ካሰች ተናድዳ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛስ ብንሆን ‹አልበላም› ስንል ፊቱን ‹አል› ኋላውን ‹ም› ብለን አይደል የምንዘጋው? እንደዚያው በይው» አለቻት። ኤልዳና ትንሽ አሰበችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተችም።

ለቃል ፈተናው ስለ ውሻዋ ተናገሪ ተባለች፤ ውሻ የላትም። ካሰች ውሻ ፈጠረችላት፣ ስም አወጣችለት፣ እግሩን ሰበረችው፣ አዳነችው። ንግግሩን በደንበኛና በደንበኛ መሃል አርባ ጊዜ አስደገመቻት። በዘጠነኛ ክፍል ሰባ አንድ አመጣች፤ በአሥረኛ ሰማንያ ስምንት፣ ከክፍሉ ሁለተኛ። ሚስስ ስቴይን ያን ለታ ፈገግ አለች ይባላል፤ ካሰች አላየችም።

የአማርኛው ፊደል ግን ቀረ። ካሰች ሁልጊዜ «ይደርሳል» ነበር የምትለው። ስምንተኛን ስታልፍ፣ ዘጠነኛን ስታልፍ፣ አሜሪካ ስንገባ። ይደርሳል የተባለ ነገር መቼ ደርሶ ያውቃል? ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፣ ቤት የሚበቃትን ያህል ትናገራለች፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ለሷ «አንተ» ነው። ማንበብ ግን አንድ መስመር አትችልም። ይህን ካሰች ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የእረፍት ቀኗ ሲደርስ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ወጣች። በርበሬ ልትገዛ ነው የሄደችው፤ ብሶቷን ግን ሱቁ ውስጥ ላገኘችው ሁሉ ዘረገፈችው። ጋሼ ጸጋዬ እዚያው ቁጭ ብለው ነበር። ጋሼ ጸጋዬ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል የሰፈሩን ልጆች አማርኛ ያስተምራሉ። ክብ ማኅተም አላቸው። ለቤት ኪራይ ይሁን ለኢሚግሬሽን፣ ምስክር የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው።

«ይኼማ ዕዳው ገብስ ነው» አሉ። «ልጅቷ የሐበሻ ልጅ አይደለችም እንዴ? አማርኛ በያቸው። ምን አፍሪካንስ አፍሪካንስ ያሰኝሻል?»

ወረቀት አወጡ። በእንግሊዝኛ እየጻፉ፣ የጻፉትን ለቤቱ ሁሉ በአማርኛ ያነባሉ። «ተማሪ ኤልዳና ፍሬው አማርኛን አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች።» ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩዋት። «አይደል?»

ካሰች እዚህ ላይ «አይ ጋሼ፣ ማንበቡ እንኳ ይቀራታል» ማለት ነበረባት። ሦስት ሴቶች ቆመው ይሰማሉ፤ የሁሉም ልጆች ቅዳሜ እዚያች ክፍል ይገባሉ። ጋሼ ጸጋዬም ቢሆኑ ልጅቷን ጥሪያትና ትጻፍልኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ ግን ለሰው ልጅ ከመመስከር በፊት ልጁን መፈተን እናትየዋን አላመንኩሽም ማለት ስለሆነ ነውር ነው። እሳቸው እሷን አከበሩ፣ እሷ ሴቶቹን አፈረች፤ በሁለቱ ጨዋነት መሃል ማኅተም ያለበት ውሸት ተጻፈ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች ካሰች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

ደብዳቤው የደረሳት ሚስ ሪቬራ በሳምንቱ ደወለች። ደስ ብሏታል። ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም፤ ኤልዳና የሁለት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና ትቀመጣለች። «አማርኛ የሚያርም ሰው ስለሌለን ደብዳቤውን የጻፉትን ሽማግሌ ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል። ፈተናውን አውጥተው የሚያርሙት እሳቸው ናቸው።»

ካሰች ራሷን ያዘች። ያን ቀን ከሥራ እንደወጣች ክሬንሾው ወዳለው አፓርታማቸው ሄዳ፣ ኤልዳናን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ አገኘቻትና ነገሩን ነገረቻት።

«ማሚ፣ ማንበብ ትችላለች ብለሽ አስጻፍሽ?»

«እኔ አላልኩም። እሳቸው ናቸው ያሉት።»

«አንቺስ?»

«ዝም አልኩ።»

«ሶ ዋሸሽ።»

«ዝም አልኩ እኮ ነው የምልሽ።»

ስምንት ቀን ነበራቸው። ካሰች ፊደል በትልቁ ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጠፈች፤ እንደዚያ እንደ ሱቁ ጊዜ ልታስደግማት ሞከረች። ያኔ ግን ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሆኗታል፤ የሂሳብ ፈተና አለባት፣ ማመልከቻ አለባት፣ ንዴት አለባት። የቀኑን ስትይዝ የትናንቱን ትጥላለች። ካሰች «ይኼን ያህል ምን ይከብዳል?» አለች በአራተኛው ቀን። ኤልዳና እስኪብርቶውን አስቀመጠችና፣ «ያኔ ለምን አላስተማርሽኝም?» አለች። ፍሬው ከአሪዞና፣ ከትራኩ ላይ ደውሎ «ተረጋጉ» አለ። ካሰች ስልኩን ዘጋችበት።

በአምስተኛው ቀን ልጇን ይዛ ፌርፋክስ ሄደች። ጋሼ ጸጋዬን ክፍላቸው ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። ቆማ ተናዘዘች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ታዲያ ያን ለታ ምን ዘጋሽ?»

«አፈርኩ ጋሼ። እርስዎም አልጠየቁኝም።»

«እኔም አፍሬ ነው ያልጠየቅኩሽ።» መነጽሩን መልሰው አደረጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቃ ለፈተናው ትምጣ። ስሟን ትጻፍልኝ፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ። ለአንድ ወረቀት ብለን የልጅ ዕድል አንዘጋም» አሉ።

ካሰች፣ እውነቱን እንናገር፣ ልቧ ቀለል አላት። አፏን ለምርቃት ከፍታ ነበር። ኤልዳና ቀደመቻት።

«አይ ጋሼ። አንተ ለኔ ብለህ እንድትዋሽ አልፈልግም። እኔ ያጠናሁት ቋንቋ አለኝ።»

የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ናቸው «አንተ» የተባሉት። ካሰች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሼ ጸጋዬ ግን ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋትና፣ «ልክ ነሽ የኔ ልጅ» አሉ። «እኔ ራሴ ደውዬ ደብዳቤውን አነሣለሁ።» ወደ መኪናው ሲመለሱ ካሰች ልጇን ልትቆጣት ፈለገች፤ በምን እንደምትጀምር ጠፋት።

ደብዳቤው ተነሣ። የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ሚስ ሪቬራ አሁን ደስተኛ አይደለችም፤ «አፍሪካንስ ያስተማረ፣ ፈቃድ ያለው ሰው አምጡልኝ፤ ካልሆነ በዚህ ዓመት አይሆንም» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ካሰች የምታውቀውን ሁሉ ደወለች፤ ሰው ሁሉ «አፍሪካንስ ምንድን ነው?» ነው የሚላት። እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ ከጎረቤቷ የለመደችው ስፓኒሽ አለቀባት።

ያገኘችው ኤልዳና ናት። ለሚስስ ስቴይን በዋትስአፕ ረጅም መልእክት ጻፈች። ያቺ ሳቅ የማታውቅ ሴትዮ በማግስቱ መለሰች፤ አብራት ሃያ ዓመት አፍሪካንስ ያስተማረች ሚስስ ፊሰር የምትባል ጡረተኛ፣ ልጇ ጋ፣ ለነሱ ቅርብ በሆነችው ጋርዴና እንደምትኖር ጽፋ ስልኳን ላከች። ሚስ ሪቬራ የሴትዮዋን ወረቀቶች አይታ ፈቀደች። ፈተናው ሐሙስ፣ በትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ሆነ።

ካሰች ፈረቃዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ መጣች። ግቢ አልተባለችም፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የቃሉ ተጀመረ፤ ሚስስ ፊሰር «ስለ ቤታችሁ ንገሪኝ» ስትላት ካሰች ሰማች።

ኤልዳና በአፍሪካንስ ማውራት ጀመረች፤ እንደ ውሃ ይወርዳል። ስለ ሱቁ፣ ስለ ብረት ፍርግርጉ፣ ስለ ተገለበጠው ሳጥን። እናቴ ቋንቋውን አጣማ ነበር የምትናገረው፣ አለች፤ ጓደኞቼ ሱቅ ሲመጡ አፍሬባት ከጓዳ እደበቅ ነበር፤ አንድ ቀን ስደበቅ አይታኛለች፤ አይታ ምንም አላለችም፤ ማታውን እንደወትሮው ውሻውን አስደገመችኝ፤ እስከዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ በሷ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ከዚያ ውሻው እግሩን እንዴት እንደሰበረ ተረከችላትና ሁለቱም ሳቁ።

ካሰች ኮሪደሩ ላይ፣ ከተማሪዎች ሎከር አጠገብ ቆማ እያንዳንዷን ቃል ሰማች፤ ገባትም። ይህች ልጅ ቤት ውስጥ «ደህና»፣ «እሺ»፣ «አልራበኝም» ነው የምትላት። ይኼን ሁሉ ወሬ የት አኑራው ነበር?

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሚስ ሪቬራ ሁለቱንም ቢሮዋ አስቀምጣ ፎርሙን ወደ ካሰች ገፋችው። ከሁለት ዓመት ክሬዲት በላይ ተሰጥቷታል፤ የቀረው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው። ካሰች እስኪብርቶ አነሣች፤ ልትፈርም ስትል ከታች ሚስስ ፊሰር በእጇ የሞላችውን መስመር አነበበች። የተማሪዋ የመጀመሪያ ቋንቋ ይላል፤ ፊት ለፊቱ አፍሪካንስ። ከሥሩ ደግሞ፦ ከላይ የተጻፈው ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ወላጅ።

«ይኼ ልክ አይደለም» አለች ካሰች።

የሚስ ሪቬራ ፈገግታ ደረቀ። «ውጤቱ?»

«ውጤቱ ልክ ነው። ይኼኛው ነው። የመጀመሪያ ቋንቋዋ አይደለም። የመጀመሪያ ቃሏን እኔ ነኝ የሰማሁት፤ ‹ውሃ› ነው ያለችው።»

«ማስተካከል ይቻላል» አለች ሚስ ሪቬራ ቀስ ብላ። «ግን ፎርሙ ወደ ሚስስ ፊሰር ተመልሶ እንደገና ይሞላል። የታንክስጊቪንግ እረፍት አለ። ለሰላሳ መድረሱን እንጃ።»

«ማሚ» አለች ኤልዳና በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች። «ሁለተኛ ቢባል... ታዲያ ሴትዮዋ አንደኛው ላይ ምን ብላ ትጻፍ? እኔ የማልጽፈውን?»

ካሰች ልጇን አየቻት። ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ውርደት፣ ያ ሁሉ «አፍሪካንስ ቋንቋ ነው» ያለችበት ጩኸት፣ ለዚህች መስመር ነው ማለት ነው። ራሷ አስተምራ፣ ራሷ ተከራክራ፣ ራሷ አሳመነቻቸው። አሁን ማንን ትወቅሳለች?

ፈረመች።

ኤልዳና ከወንበሯ ተነሥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባትና በጆሮዋ «ባይ ዳንኪ፣ ማ» አለቻት፤ በአፍሪካንስ በጣም አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳለችው እንኳ አላወቀችም። ካሰችም፣ ምን ታድርግ፣ በዚያው መለሰችላት።