የማንኪራ ቁልቁለትና የብርቄ መሪ

ቦንጋ መናኸሪያ ውስጥ «ብርቄ ገባች?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የትኛዋ ብርቄ?» አይባልም። መንዳት የተማረችው የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ሳለች ነው፤ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ እሷ በግቢው ውስጥ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ ትለዋለች። ኋላ ከባሏ ከመምህር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር አንዲት አሮጌ ፎር ዊል ፒክአፕ ገዙና ተራራ ላይ ካለችው ከማንኪራ ወደ ቦንጋ ሰው፣ ቡናና ማር ታመላልስ ጀመር።

ፒክአፗ ጉልበት አላነሳትም። ግን ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራዋ ደክሞ ኋላዋ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ዘጭ ብሏል። መሪዋ ደግሞ ከባድ ነው፤ ቢዞርም ጎማው የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

የሚሌኒየሙ በዓል ሽር ጉድ በተጀመረበት ክረምት፣ ከማንኪራ ስትወርድ አንድ ኩርባ ላይ መሪውን ጠመዘዘችው። መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሄደች። ደግነቱ አንድ ትልቅ ዛፍ ያዛት፤ ሰው አልተጎዳም። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ንብ አናቢዋ እትዬ ዓባይነሽ፣ የማር ቅላቸውን አንስተው ወረዱ።

«ልጄ፣ እግሬ ቢያረጅም ሳዞረው ይዞርልኛል» አሉና በጭቃው ቁልቁል ነጎዱ።

ብርቄ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው «ለምን አንሸጣትም?» አላት።

«መኪናዋንስ እንሸጣለን። ተራራውን ማን ይገዛናል?»

በማግስቱ መኪናዋን ከዛፉ አስጎትታ፣ ከጅማ መጥቶ ቦንጋ የከተመው መካኒክ ሰሚር ጋራዥ ተገኘች።

«ባሌስትራ ደራርብልኝ፣ ከፍ ትበል» አለችው።

«ብደራርብማ ድንጋይ ትሆናለች፤ ሰዉ እንደ ቆሎ ይፈናጠርብሻል» አለ ሰሚር። «ረዘምና ለስለስ ያለ ባሌስትራ ዝላዩን ከሚያበርድ አዲስ ሾክ አብዞርበር ጋር እንግጠምላት። መሪዋንም በዘይት የሚታገዝ እናድርገው።»

ጅማ ድረስ ሄደው ከአንዲት የተገለበጠች አምሳያዋ መሪውን ከነፓምፑ ፈትተው አመጡ። ብርቄ ቱታ ለብሳ ከሥር ገባች። ብሎን ስትፈታ፣ ዝገት ዓይኗ ውስጥ ሲገባ፣ ስትራገም፣ ደግሞ ስትስቅ ሰነበተች። ሥራው አልቆ መኪናዋ በአዲሱ ቁመቷ ቀጥ ስትል ጋራዡ በጭብጨባ ተናጋ።

ብርቄ ሰሚርን አሳፍራ ልትሞክራት ስትወጣ ግን ደስታው ከአስፋልቱ ጫፍ አላለፈም። ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መኪናዋ ወደ ግራ ትወረወራለች፤ ዳቦ ቤት ደጅ የተሰለፈው ሰው ተበተነ። ሰሚር ዘሎ ወረደና ከሥር አጎንብሶ አየ።

«ገባኝ!» ብሎ ጮኸ። «እሷን ከፍ ስናደርግ የመሪው ዘንግ አዘንብሏል። ጎማው በዘለለ ቁጥር ዘንጉ ወደ ግራ ይጎትተዋል!»

ዘንጉን የሚይዘውን ክንድ ዝቅ ባለ ለወጡት። አሁን ጉድጓዱን ሆን ብላ መታችው፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ማንኪራ!» አለች ብርቄ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ያደረ ቢሆንም ማን ያስቁማት! ባሏና ሰሚር ጎኗ ተቀመጡ። ጎማው ድንጋዩን ሲወጣ፣ ቦዩ ውስጥ ሲሰምጥ፣ እነሱ ግን በጀልባ ላይ እንዳሉ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ያ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ባሏ ዓይኑን ጨፈነ። ብርቄ መሪውን በአንድ እጇ አዞረችው፤ መኪናዋ ታዝዛ ዞረች። እልልታዋ የጫካውን ዝንጀሮዎች አስበረገገ።

እትዬ ዓባይነሽ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ዞረች?»

«ዞረች፣ እትዬ! ይምጡና ይዩ።»

አፉ የተከፈተ የብርዝ ቅል በእጃቸው ይዘው፣ ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ ሲሉላቸው ከፊት ተቀመጡ። ቁልቁለቱን ሁሉ ዓይናቸው ከቅሉ አልተነሳም። ግማሽ መንገድ ላይ ጠብ ያላለውን ብርዝ ጎንጨት አሉና «በይ እንጂ፣ ምን ታዘግሚያለሽ!» አሏት። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ቦንጋ ሲደርሱ ሰሚርና መምህሩ ወረዱ። እትዬ ዓባይነሽ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

«አይወርዱም እንዴ?» አለች ብርቄ።

«ዛሬ ሺሺንዳ ገበያ ነው። እህቴም እዚያ አለች፤ ካየኋት ዘመን የለውም። በመኪናሽ ልድረስባት።»

ብርቄ ባሏን በመስኮቱ «ራት ሥራ!» ብላው ማርሽ አስገባች። ሺሺንዳ ገበያ ገና ሳይፈታ ደረሱ፤ ሁለቱ አሮጊቶች መሐል መንገድ ላይ ተቃቅፈው ሲዞሩ ከዋጫ የመጣ አውቶቡስ ቆሞ ጠበቃቸው።