የወፍጮ ተካዩ ጀልባ

አባቴ ዕድሜውን ያሳለፈው የወፍጮ ሞተር ሲተክል ነው። መብራት ወዳልገባባቸው የገጠር ከተሞች እየተጠራ ይሄድ ነበር። የሲሚንቶ መሠረት ያስጥላል፣ የናፍጣ ሞተሩን በቡሎን ያስራል፣ ቺንጋውን ከወፍጮው ጋር ያገናኛል፣ የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ በመዳፉ ዘግኖ ያየዋል፤ ከዚያ ወደ አቃቂ ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ ከመንገድ ሲገባ ናፍጣና ዱቄት ይሸት ነበር። አሁንም ወፍጮ ቤት አጠገብ ሳልፍ አባቴ የመጣ ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የሚጠራው ሰው እያነሰ መጣ። መብራት የደረሳቸው ባለ ወፍጮዎች ሞተራቸውን በኤሌክትሪክ ቀየሩ። አቃቂ፣ በሰቃ ሠፈር ያለችው የአባቴ ጋራዥም የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ መሥሪያ ሆነች። አባቴ በር መሥራት አይጠላም። ነገር ግን ሞተር ተክሎ ሲጨርስ ጆሮውን አስጠግቶ ማዳመጥ የለመደ ሰው ስለሆነ በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። «በር ዝም ይላል» አለኝ አንድ ቀን፣ አዲስ የቀባውን በር በእጁ እየመታ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምጽፈው በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቤት ሆኜ ስላየሁት ነገር ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሽማግሌ ከዝዋይ ወደ ጋራዡ ሲመጡ ነው። እኚህ ሰው ሐይቁ ላይ ሰውና እህል ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልሱ ጀልበኛ ናቸው። አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት በሠፈራቸው የተከለው ወፍጮ እስካሁን ይሠራል። «መሬት ላይ እንዲህ የሚያገለግል ሞተር ውሃ ላይ የማያገለግልበት ምክንያት አለ?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ጀልባ ላይ ሞተር ተክሎ አያውቅም። ግን ደስ ሲለው እንደሚያደርገው ጆሮውን እያሻሸ፣ «ምክንያት የለም» አለ።

ስምምነታቸው ቀላል ነበር። አባቴ አንዲት የብረት ጀልባ ሠርቶ ሞተር ይተክልባታል። የጀልበኞቹ ማኅበር ሞተራቸው ያረጀ ሌሎች ጀልባዎች አሉት። ይቺ ከተሳካች የእነሱም ሥራ የአባቴ ይሆናል። ካልተሳካች አባቴ ወደ በሮቹ ይመለሳል። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር።

የጀልባዋን አካል ከላሜራ የሠራው ከአባቴ ጋር ብዙ ዘመን የቆየው በያጅ ነው። ድሮ የውሃ ቦቴ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጀልባ ትችላለህ ወይ ሲባል፣ «ቦቴ ውሃ እንዳያስወጣ ትበይዳለህ፣ ጀልባ ውሃ እንዳታስገባ ትበይዳለህ። ያው ነው፤ የምትቆምበት ጎን ብቻ ነው የሚለየው» አለ።

እኔን ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ «ፍሬሽ» ነው የሚለኝ። «ፍሬሽ፣ እስቲ ያንን ላምባዲና ያዢ። ካምፓስ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«ሎጂክ።»

«እሱ ጥሩ ነው። ላምባዲናውን በሎጂክ ወደ እኔ አዙሪው፤ ዓይኔ ላይ ነው የምታበሪው።»

ጀልባዋ በግቢው ውስጥ በእንጨት ተደግፋ ስትሠራ ሠፈሩ ሁሉ ሳቀብን። ወንዝስ አለን፣ የአቃቂ ወንዝ፤ ግን እንኳን ጀልባ ሊያንሳፍፍበት እግሩን የሚነክርበት ሰው የለም። ባጃጅ ነጂዎቹ በሩ ላይ ቆም እያሉ፣ «ጋሽ ኖህ! ዝናቡ መቼ ነው? ለባጃጄ ቦታ ይያዙልኝ!» ይላሉ።

«ጥንድ ጥንድ ነው የምጭነው» ይላቸዋል አባቴ። «ለእሷም ጓደኛ ፈልግላትና ና።»

አንድ የድሮ ደንበኛውም መጥቶ ጀልባዋን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ወፍጮ ቤት የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚቀመጥበትን በርሜል አጣው። «በርሜሉ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። በያጁ ቀና ሳይል፣ «ዝዋይ ነው ያለው፤ ከብዶን ነው ያላመጣነው» አለው።

አባቴ ሥራውን የሠራው በለመደው ጥንቃቄ ነው። ከጀልባዋ ኋላ፣ ውሃ የሚቀዝፈውን መዘውር የሚያዞረው ዘንግ በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ክር አሳልፎ እስከ ፊት ወጠረ። የሞተሩ አልጋ በዚያ ክር ልክ ተበየደ። ሞተሩ በሰንሰለት ወርዶ አልጋው ላይ ሲያርፍ፣ የሞተሩ ጫፍና የዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ክብ ብረቶች ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የእነሱ መግጠም ነው ዋናው ነገር። ትንሽ ከተዛነፉ ዘንጉ እየተወላገደ ይዞራል፤ ጀልባዋም ትንቀጠቀጣለች። አባቴ በመካከላቸው ስስ የብረት ቅጠል እያስገባ ለካ። እኔም እጄን ታጥቤ እንድሞክር ፈቀደልኝ። በላይም፣ በታችም፣ በግራና በቀኝም እኩል ጠበቅ ብሎ ገባ።

አባቴ የተከለው ሞተር ደህና መሆኑን የሚያረጋግጥበት አንድ ልማድ አለው። ሞተሩን አስነስቶ ላዩ ላይ እስከ አፉ በውሃ የተሞላ የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጣል። ካልፈሰሰ ሥራው አልቋል። ከዚያ ሞተሩን የሚይዙትን ዳዶዎች ከቡሎናቸው ጋር በያጁ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይዳቸዋል። ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ስለሚንቀጠቀጥ ዳዶው ይላላል፤ ባለ ወፍጮውም ቁልፍ ካገኘ የማያውቀውን ይፈታል። ብየዳው ሁለቱንም ይከለክላል።

ጀልባዋም በዚህ ፈተና አለፈች። የኋላዋ መዘውር ባዶ አየር እየቀዘፈ ሲዞር ብርጭቆው አንድ ጠብታ አልጣለም። አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ሁሉ አጨበጨቡ። ዳዶዎቹም ተበየዱ።

ዝዋይ የወረድነው ጀልባዋን በሎቤድ መኪና ጭነን ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች የባሕር ዛፍ ግንድ አንጥፈው ጀልባዋን እያንከባለሉ ውሃ ውስጥ ከተቷት። ስትንሳፈፍ አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። በያጁ ደግሞ ገብቶ ወለሉን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ «ደረቅ ነው! ደረቅ ነው!» እያለ ጮኸ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁም ጥሩ ነበር። ማርሽ ሲገባ ግን ጀልባዋ ከእግራችን ሥር ተርገፈገፈች። የወለሉ ሳንቃዎች ተንጫጩ፣ ቁልፎቹ ሣጥናቸው ውስጥ ዘለሉ። አባቴ ብርጭቆውን ሞልቶ ሞተሩ ላይ አስቀመጠ። ግማሹ ፈሰሰ። ጨመረበት፤ እንደገና ፈሰሰ።

ጀልበኛው ጫማቸው ላይ የፈሰሰውን ውሃ አዩ። «ወዳጄ፣ እኔ አንተን አምንሃለሁ» አሉት። «ግን ይሄ ዘንግ ሐይቁ መሐል ቢሰበር በጭነት ተሞልታ ማን ይቀዝፋታል? ይህን ይዤ ሰው አልጭንም።»

«ትክክል ነዎት» አለ አባቴ። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። እኔ ከሣጥኑ ዘለው ወለሉ ላይ የወደቁትን ቁልፎች እየለቀምኩ በየቦታቸው መለስኩ።

በያጁ መዘውሩ በመንገድ ላይ ተመትቶ እንደሆነ ጠረጠረ። ጀልበኛው ጀልባዋን በገመድ አሳስረው፣ «ኋላዋ ከፍ እንዲል ሁላችሁም ወደ ፊት ሂዱ፤ እናየዋለን» አሉ። ሞተሩ በቀስታ እየዞረ ሁላችንም ወደ ፊት ሄደን ተጨናነቅን። ያን ጊዜ የሳንቃዎቹ ጫጫታ ቀነሰ።

አባቴ እጁን አነሣ። «ተመለሱ!»

ተመለስን። ጫጫታው ተመለሰ።

«ሂዱ!»

ሄድን። ቀነሰ።

«ጋሼ፣ እያስጨፈሩን ነው?» አለ በያጁ።

አባቴ አልሰማውም። ተንበርክኮ መዳፉን የሞተሩ አልጋ ላይ አሳርፎ ነበር። «እየታጠፈች ነው» አለ። «ግቢ ውስጥ እንጨቱ በነበረበት በኩል ተደግፋ ቀጥ ብላ ነበር የቆመችው። እዚህ ውሃው ነው የተሸከማት፤ ጀርባዋን ሌላ ቦታ ላይ ይገፋታል። እኔ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ እንደምተክል ተክዬ በየድኩት። የወፍጮ ቤት ወለል ጠዋትም ማታም ያው ነው። ይቺ ግን ሰው ሲቀመጥባት ትለወጣለች።»

ጀልበኛው ጺማቸውን አሹ። «እኛም ጀልባ የምንጭነው ውሃ ላይ አንሳፈን ነው፤ ጓዙ አለቦታው ከተቀመጠ ትጨነቃለች። ሞተሩም ጓዝ ነው ማለት ነው።»

«ጓዝ ነው» አለ አባቴ። «እዚሁ ውሃ ላይ ነው መገጠም ያለበት።»

ያን ለማድረግ ዳዶዎቹን መፍታት ነበረብን። ዳዶዎቹ ደግሞ ተበይደዋል። ሐይቁ ዳር ብየዳ የሚቆርጥ ማሽን የሚሰካበት መብራት አልነበረም። ስለዚህ በያጁ መሮና መዶሻ ይዞ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገባ፤ የገዛ እጁን ብየዳ አንድ በአንድ ሲነቅል ዋለ።

«ፍሬሽ፣» ይለኛል ላቡን እየጠረገ፣ «መጥፎ በያጅ ብሆን ኖሮ እስካሁን ጨርሰን ነበር።»

ከተፈታ በኋላ መለካቱ ለእኔ ተሰጠኝ፤ እጄ ቀጭን ስለሆነ ከሁለቱ ክብ ብረቶች ሥር በቀላሉ ይገባል። አባቴ ጀልባዋ ጭነቷን እንደያዘች እንድትለካ ስለፈለገ ዓሣ አጥማጆቹ በተሳፋሪ ቦታ እንዲቀመጡ ተለመኑ። ለመለካት ጸጥ ማለት ያስፈልጋል፤ እነሱ ግን ተሰብስበው ጸጥ ማለት አልሆነላቸውም። አንዱ ይቀልዳል፣ ሌላው ይስቃል፣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ ቅጠሏ ከእጄ ታመልጣለች።

«እባካችሁ፣ ትንሽ ብቻ አትንቀሳቀሱ!» አልኩ።

«እሺ እቴ፣ መተንፈስ ይፈቀዳል?»

«በተራ በተራ!» አለ በያጁ። የባሰ ተሳቀ።

በላይ በኩል ቅጠሏ ልል ሆና ትገባለች፤ በታች በኩል ጨርሶ አትገባም። በአቃቂ እኩል የነበረው ያው ብረት ነው፤ በእጄ ባልነካው አላምንም ነበር። አባቴ ባዶ የዘይት ጣሳ ቀዶ ስስ ቁራጭ እየቆረጠ በሞተሩ እግሮች ሥር ያስገባል፤ እኔ እለካለሁ፤ እነግረዋለሁ፤ ሌላ ይቆርጣል። ዓሣ ተጠብሶ መጣ፤ በላን፤ ቀጠልን። በስተመጨረሻ ቅጠሏ በአራቱም በኩል እኩል ጠበቅ ብላ ገባች። ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ዳግመኛ አልለካም። «አንቺ ካልሽ በቃ» አለና ቁልፉን አነሣ። ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ይዤ የመጣሁ ዕለት እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

በየቡሎኑ ላይ ሁለት ሁለት ዳዶ ተደራርቦ ተጠበቀ። እንደዚያ ሲሆን አንዱ ሌላውን ቆልፎ ይይዘዋል፤ ሲያስፈልግ ግን ይፈታል። ማርሽ ገባ። ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ከሞተሩ የሚመጣው የወፍጮ ድምፅ ነበር፣ ያ እኩል የሆነው ዱብ ዱብታ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

ጀልበኛው ወዲያው አላመሰገኑም። «የሰው ቤተሰብ ከመጫኔ በፊት የራሴን ልጫን» ብለው ባለቤታቸውን አስጠሩ። ሴትየዋ ጃንጥላቸውን ይዘው ገብተው ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጀልበኛው መሪውን ያዙ፤ ወደ ደሴቱ ሄዱ። እኛ ዳር ቀረን። ጀልባዋ እያነሰች ሄዳ ከዓይናችን ጠፋች። በያጁ ቀልዱን ሁሉ ጨርሶ ነበር መሰለኝ፣ ድንጋይ ወደ ውሃው ይወረውራል። አባቴ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሣል።

ሲመለሱ መጀመሪያ የወረዱት የጀልበኛው ባለቤት ናቸው። አባቴ ፈጥኖ እጃቸውን ያዘና፣ «እንዴት ነበር፣ እናቴ?» አላቸው።

«ጉዳችሁን አየሁ!» አሉት። «በድሮዋ ጀልባ ሰውዬውን እንደልቤ ነበር የማማው፤ በጫጫታው የምለውን አይሰማም። ዛሬ ገና አፌን ስከፍት ‹ምን አልሽ?› አለኝ።»

ጀልበኛው ከኋላቸው እየሳቁ ወረዱ። ከዚያ ወደ ቄጠማው በኩል አመለከቱ፤ ጥላሸት የለበሰች አሮጌ ጀልባ እዚያ ታስራለች። «ያቺን ወደ አቃቂ ልትወስዳት ነው፣ ወይስ እዚሁ ትጀምራታለህ?»

አባቴ ቀድሞ ሳያስብበት አልቀረም። «እዚሁ፤ ከውሃው አላወጣትም» አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትምህርት የሚጀመረው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ገና መሆኑን ነገርኩት። በያጁ የመብየጃ ዕቃውን መኪናው ላይ መልሶ እየጫነ ነበር። እኔ የለካሁባትን ቅጠል በጨርቅ ጠርጌ ይዤ አባቴን ተከተልኩት። እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በቄጠማው መሐል ወደ አሮጌዋ ጀልባ እየሄደ ነው።