አማቴ ሽርጣቸውን የፈቱ ዕለት

አማቴ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላቸዋል። እኔን ራሴን ልጃቸውን ለጋብቻ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ትራስ ከጀርባዬ አስደግፈው፣ በማንኪያ ሊያጎርሱኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከጦርነት ለሸሹ ሰዎች ማረፊያ ስትፈልግ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። «ጌታ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ቦታ የለኝም ልበለው እንዴ?» አሉና የባለቤቴን የድሮ ክፍል ለአንዲት እናትና ለሁለት ልጆቿ ሰጡ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሴትዮዋ ሳህን ልታነሣ ብድግ ስትል «አይሆንም!»፣ መጥረጊያ ስትይዝ «በስመ አብ!» ይላሉ። አንዴ ተደብቃ ልብሷን ስታጥብ ደርሰውባት ሳሙናውን ከእጇ ነጠቋት። እንዲህ ያለ አምባገነን ደግነት አይቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ስደርስ እንግዳዋ ሻንጣዋን ቆልፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ወደ መጣችበት የተፈናቃዮች መጠለያ ልትመለስ ነው። አማቴ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን አጎደልኩብሽ ልጄ?»

«ምንም አላጎደሉብኝም፣ እማማ። ግን እኔ አልታመምኩም። አገሬ እኮ ቤት ነበረኝ፤ ሰው አበላ ነበር። አሁን ልጆቼ የሚያዩት ቁጭ ብዬ ስበላ ብቻ ነው።»

አማቴ ቀስ ብለው ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱትን ሽርጣቸውን ፈቱና አንገቷ ላይ አጠለቁላት። «ማታ የጸሎት ጓደኞቼ ይመጣሉ። ሆዳሞች ናቸው፣ ብቻዬን አልችላቸውም» አሉ። ዋሹ! ስንቱን በሽተኛ ብቻቸውን ያበሉ ሴት ናቸው። እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ሴትዮዋ ሻንጣውን እዚያው ትታ ማድ ቤት ገባች። «ዛሬን ላግዝዎትና እሄዳለሁ» አለች። ሽንኩርቱን ከተፈች፤ አማቴ የጣዱትን ሾርባ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ጨው ነሰነሰችበት። ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። አማቴ ማንኪያ ይዘው ጠጋ ሲሉ ዞር እንኳ ሳትል፣ «እማማ፣ መላወሻ አሳጡኝ እኮ! ሄደው ይቀመጡ!» አለቻቸው። ልጆቿ በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔም እንደነሱ።

አማቴ በገዛ ቤታቸው ታዘው ተቀመጡ። ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው እንደ ሕፃን ይቁነጠነጣሉ። ማታ እንግዶቹ ሲሰበሰቡ ሴትዮዋ መጀመሪያ ለእሳቸው አቀረበች። ቀመሱት።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ፣ አመል ነውና። ሳህኑን ግን ጨርሰው ድገሚኝ ብለው ዘረጉላት።

እሷም ጭልፋውን እያነሣች፣ «ነገ እቀንሰዋለሁ» አለች።