አባቴን አሰብ ያደረሰው ወታደር

እናቴ ያሳደገችኝ አባትሽ ጦር ሜዳ ነው የሞተው እያለች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ አብራኝ መኖር ከጀመረች በኋላ የግሪን ካርድ ፎርሟን ልሞላ ሰነዶቿን ሳገላብጥ የጦር ፍርድ ቤት ውሳኔ አገኘሁ። አባቴ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ምርኮኞች እንዲረሸኑ የመጣውን ትእዛዝ አላስተላልፍም በማለቱ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ከአስመራ ወደ አሰብ እስር ቤት ተልኳል።

እናቴን ስጠይቃት፣ "የወንጀለኛ ልጅ እንዳትባዪ ብዬ ነው" አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን እያፈላለግኩ ሁለት ዓመት ያህል ጠየቅኩ። በመጨረሻ ውድብሪጅ የሚኖሩ አንድ ሻምበል፣ ከምጽዋ ወደ አሰብ በመርከብ እስረኛ ያመላልሱ የነበሩ ሰው እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ እንዳሉ ነገሩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ልጃቸው አባቷ በኩላሊት ሕመም ዳያሊስስ ላይ ስለሆኑ ብዙ እንዳላደክማቸው ለመነችኝ። የአባቴን ስም ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

"የወሰድኩት እኔ ነኝ" አሉ።

የእሳቸው ግራ እጅና የአባቴ ቀኝ እጅ በአንድ ካቴና ታስሮ ነበር የተጓዙት። የባሕሩ ማዕበል ያመማቸው እሳቸውን ነው፤ ሲያስመልሳቸው ግንባራቸውን ደግፎ የያዛቸው አባቴ ነበር። ሊደርሱ ሲሉ፣ ለሚስቱ አንድ መስመር እንዲጽፍ እጁን እንዲፈቱለት ለመናቸው። እሳቸው ግን ክልክል ነው ብለው እንቢ አሉት። ከወራት በኋላ ሌሎች እስረኞች ይዘው አሰብ ሲመለሱ በወባ መሞቱን ሰሙ። መቃብሩን ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

"ታዲያ እኛን ለምን አልፈለጉንም?" አልኳቸው።

"አፈርኩ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ግን ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

እናቴ የሰማሁትን ሁሉ ስነግራት ቆማ አዳመጠችኝ። ያሳሰባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍትሐት ተደርጎለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። በማግስቱ ጥቁር ለበሰችና ፍትሐት እንዲደረግለት ቄስ ዘንድ ወሰድኳት፤ ሦስት ቀንም ለቅሶ ተቀመጠች። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ባሏ እስር ቤት እንደሞተ፣ ለምን እንደታሰረም ጭምር፣ ራሷ ትናገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሽማግሌው ልጅ ደወለችልኝ። አባቷ ለቅሶ መቀመጣችንን ሰምተው ሊደርሱን አስበው ሳለ ሆስፒታል ገብተዋል። እግዚአብሔር ይማርልሽ አልኳት። እስካሁን ግን ሄጄ አልጠየቅኳቸውም።