መደገፊያ የሌለው ደረጃ

ፕሮፌሰር አልብሬሽት ኖልተ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሕንጻ ንድፍ አስተማሩ። የሠሩት ቤት ግን አንድ ብቻ ነው፤ የራሳቸው። በቬዘር ወንዝ ዳር የቆመ ባለ ሦስት ፎቅ ግራጫ ኮንክሪት ሲሆን፣ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ገና ሲሠራ ባለቤታቸው ሮስቪታ፣ «ሰው ቢወድቅስ?» ብላቸው ነበር።

«የወደቀ ሰው ደረጃው አልገባውም ማለት ነው» አሉ።

ተማሪዎች በየዓመቱ በአውቶቡስ እየመጡ ጎበኙት። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት በአምቡላንስ ሲወሰድ እንኳ ፕሮፌሰሩ ገለጻቸውን አላቋረጡም። ጡረታ በወጡበት ዓመት ደግሞ አርባ ገጽ ማስረጃ ጽፈው ቤቱን በቅርስነት አስመዘገቡት። «አንድ ምስማር ቢጨመርበት ሥራው ይሞታል» የሚል ቃልም አሰፈሩ።

በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ጉልበታቸው ከዳቸው። ወደ መኝታ ክፍላቸው በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ መውጣት ጀመሩ። እንግዳ ከመጣ ባሉበት ቆም ብለው፣ አገጫቸውን ይዘው፣ በሐሳብ የተዋጡ ይመስላሉ። በመጨረሻ ሮስቪታ ወደ ቅርስ ቢሮው ደወለች። የመጣችው ባለሙያ አንከ ፍሌሚንግ የፕሮፌሰሩ የቀድሞ ተማሪ ናት።

«ትንሽ መደገፊያ ብቻ ነው የምንጨምረው፣ አንከ» አሉ።

«ምን ያህል ትንሽ?»

«እጄ የምትይዘውን ያህል።»

አንከ ዶሴውን ገለጠች። «ፕሮፌሰር፣ እዚህ ላይ የምስማር ነገር ተጽፏል።»

«እሱን የጻፈው ቂል ነው!»

«ፊርማው የእርስዎ ነው።»

«ያኔ ጉልበት ነበረኛ፣ ልጄ!»

ሮስቪታ ከማድ ቤት፣ «ጉልበትስ ነበረህ፤ ልብ ነበር ያጣኸው» አለች።

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ቢሉም ኮሚቴው ራሳቸው ስለ ቤቱ የጻፉትን መጽሐፍ ጠቅሶ ከለከላቸው፤ ፕሮፌሰሩ ተናደዱ፤ ግን ጥቅሱ በትክክል መጠቀሱን አረጋገጡ።

ሮስቪታ ማንንም ሳታማክር ከወንዙ ማዶ አፓርታማ ተከራየች። ጣራው ቀይ ሸክላ ነው፤ በየመስኮቱ የአበባ ሳጥን ተንጠልጥሏል። ፕሮፌሰሩ በሚያስተምሩበት ክፍል ሁሉ «የግንበኛ ከረሜላ» እያሉ ሲሳለቁበት የኖሩት ዓይነት ሕንጻ ነው። ደረጃው በግራም በቀኝም የእንጨት መደገፊያ አለው። እዚያ ከገቡ በኋላ ፕሮፌሰሩ በመጀመሪያው ሳምንት ዙሪያቸውን እየቃኙ ሰው ከሌለ ብቻ ያዙት። በሦስተኛው ሳምንት እያፏጩ ወረዱ።

«ሮስቪታ፣ እንጨት እኮ ለእጅ ይሞቃል» አሏት አንድ ቀን።

«አደራህን፣ መጽሐፍ እንዳትጽፍበት!»

ፕሮፌሰሩ ግን ቀድሞውኑ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሰው ነበር።