ቁልፍ ሠሪው እና የሐሙሱ ክፍል

ቁልፍ ሠሪው ስንቱን ደጅ ላይ የቀረ ሰው ቤቱ አስገብቷል መሰላችሁ! ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ፣ ቁልፉ በሩ ላይ የተሰበረበት፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። በሙያው ማንም አይደርስበትም። መጠጡን ግን ተዉት! ጠዋት አንድ ካልቀመሰ እጁ አይጸናለትም፣ ከቀመሰ ደግሞ እግሩ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሞቅ ብሎት ገባና ቁልፉን በሩ ላይ እንዳንጠለጠለ ድብን ብሎ ተኛ። ሴት ልጁ ከሥራ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ አባቷ ያንኮራፋል፣ የሟች እናቷን የስፌት መኪና ሌባ ወስዶታል። ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። በማግስቱ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች፣ ያውም በሌላ ቁልፍ ሠሪ!

“እኔ እያለሁ!” አለ ሰውየው፣ ደሙ ፈልቶ። “ደግሞ እዪው፣ ብሎኑን አጣሞ ነው የገጠመው!”

“አባዬ፣ ብሎኑን ተወው” አለችው። “ሦስት ወር ሳትጠጣ ቆይ፣ ቁልፍህን በእጄ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ታንኳኳለህ፤ እኔ ከሌለሁ ደጅ ትጠብቀኛለህ። ብቻህን ሞክረህ አቅቶሃል፣ የሚያግዝህ ሰው ፈልግ።”

በሩን በሽቦ ለመክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ግን አልነካውም። ያንን እንኳ ልመስክርለት።

ለደም ግፊቱ መድኃኒት የሚወስድበት ክሊኒክ ያለችውን ነርስ እየተቅለሰለሰ ጠየቃት። “ሐሙስ ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ደረጃውን ወጥተህ በስተግራ” አለችው። “መጠጥ የተዉና መተው ያቃታቸው ሰዎች ተሰብስበው ይጨዋወታሉ። ስምህን የሚጠይቅህ የለም።”

በመጀመሪያው ሐሙስ የቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ድረስ ሄዶ አንድ ደንበኛውን ከሩቅ ሲያይ እግሬ አውጪኝ አለ። በሁለተኛው ደረጃው ሥር ደርሶ ጉልበቱን አመመው፤ ጉልበቱ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አሞት አያውቅም። በሦስተኛው ሐሙስ ዘዴ መጣለት። የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ወጣ፤ የሚያየው ሁሉ ለሥራ ተጠርቶ ነው እንዲል። አይ ብልጠት!

ደረጃውን ሲጨርስ ሰባት ስምንት ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የስብሰባው መሪ፣ አንድ ወፍራም የአውቶቡስ ሾፌር፣ ግማሽ ቁልፍ ይዞ ላብ በላብ ሆኗል፤ ሌላው ግማሽ በሩ ውስጥ ቀርቷል።

“ውይ፣ ደረስክልን!” አለ ቦርሳውን አይቶ። “ማን ነው የደወለልህ?”

“ያው… ተደወለልኝ” አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ተንበርክኮ ሥራ ጀመረ። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰምና እጁ ይንቀጠቀጣል። ወረንጦው አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ። በስልኳ መብራት የምታበራለት አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። ሦስተኛ ጊዜ ሲስት ጎንበስ ብላ የእጁን አንጓ ያዘችለት።

“እኔ ልያዝልህ፣ አንተ ሥራ። አይዞህ፣ አንቸኩልም።”

ስባሪው ወጣ። በሩ ተከፈተ። ሰዎቹ እያጨበጨቡ ገብተው ወንበር ወንበራቸውን ያዙ። እሱ ግን አሁንም በሩ ላይ ነው። ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ዘይት። ያ በር በዕድሜው እንዲህ ተደርጎለት አያውቅም።

“ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ” አለ ሾፌሩ በመጨረሻ። “እኛ ልንጀምር ነው፤ የግል ጨዋታ ስለሆነ ስትወጣ በሩን ሳብ አድርግልን።”

መውጫው ይኸው ተሰጠው! አመስግነውት፣ ማንም ሳያውቅበት፣ በክብር ውልቅ ማለት ይችላል። ግን የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ልጁን ሲጠብቃት ታየው። በሩን ሳብ አድርጎ ከውስጥ ዘጋው።

“ማንም አልደወለልኝም” አለ ወደ ግድግዳው እያየ። “እኔም እንደናንተው ነኝ። ጠጪ ነኝ።”

“ታዲያ ቦርሳው ምንድን ነው?” አለ ሾፌሩ፣ ግራ ገብቶት።

“ሰው እንዳያውቅብኝ ነዋ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ የመጀመሪያ ቀን የመጣው ጥቁር መነጽር አድርጎ እንደነበር ተናገረ፤ ደረጃው ላይ ሊፈጠፈጥ ነበር። አስተማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው፣ እሱም ሳቀ። ሳይጠጣ ከሳቀ ስንት ዘመኑ!

ሲመሽ ቤቱ ደርሶ አንኳኳ። ልጁ ከፈተችለት።

“የት ቆየህ አባዬ?”

“ሰዎቹ ጋ ሄጄ ነበር። ተናገርኩ።”

“ምን ብለህ?”

“ጠጪ ነኝ ብዬ።”

ልጅቷ ይህን ቃል እየጮኸችም እየለመነችም ስንት ዓመት ስትለው ኖራለች። እሱ ደግሞ ስንት ዓመት “ማን? እኔ?” ሲላት። ከገዛ አፉ ስትሰማው የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። የበሩን እጀታ እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቁልፉን አልሰጠችውም፣ እሱም አልጠየቃትም። “ግባ፣ ራት ሳይበርድ” አለችው።