ቀኝና ግራ በአንድ ጆሮ

ዓረብ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ለራሴ ብዬ የገዛሁት ነገር ቢኖር፣ ከመዳፌ የማትበልጥ ጥቁር የሙዚቃ ማጫወቻ ከነሄድፎኗ ነው። የቀረው ሁሉ ለቤት፣ ለዘመድ፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። በቤት ሠራተኛነት የምሠራላት ማዳም ለበዓል ገበያ ስትወጣ ዕቃ እንድሸከምላት ይዛኝ ሄደች፤ እሷ ከሻጩ ጋር ስትከራከር እኔ ማጫወቻዋን ከመስታወቱ ኋላ አየኋትና ወደድኳት። ሄድፎኑ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን፣ ጠርዙ ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ነው። ራሴ ላይ ሳደርገው የዚያ ቤት ጩኸት ሁሉ በር የተዘጋበት ያህል ራቀልኝ።

ያን ጊዜ የግራ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ከርሟል። ብርድ መትቶኝ ትኩሳት ያዘኝና ጆሮዬ መግል ቋጠረ። ሐኪም ቤት እንድትወስደኝ ማዳሟን ለመንኳት። የራስ ምታት ክኒን ሰጠችኝና «ነገ ይተውሻል» አለችኝ። እውነትም ሕመሙ ተወኝ፤ መስማቱም አብሮት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ አገር ቤት ስደውል ስልኩን ወደ ቀኜ አዛውሬ ለአባቴ «ደህና ነኝ» ማለት ለመድኩ። በማጫወቻዋ ውስጥ የነበሩት ጎረቤት ቤት የምትሠራ ልጅ የሰጠችኝ የዓረብኛ ዘፈኖች ናቸው። ቀድሞ ስለማላውቃቸው የጎደለባቸው ነገር ይኑር አይኑር አላወቅኩም።

ደብረ ታቦር የተመለስኩት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ነው፤ ከጎኑ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ተደርድረዋል። ልጅ ሳለሁ መደቡ ላይ ተጋድሜ፣ ማን ከየትኛው ጎጆ እንደሚያዜም፣ ማን ከዛፉ ሥር እንደተቀመጠ በድምፁ ብቻ ለይቼ አውቅ ነበር። ተመልሼ በመጣሁ ማግስት በዚያው መደብ ላይ ሆኜ ሳዳምጥ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠፋብኝ። ዜማው አለ፤ ሰዎቹ ግን የትም አልነበሩም።

ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ዕድሜ ልካቸውን በጆሮ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪ ዜማውን በጥቂቱ ዝቅ ቢያደርግ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መልስ» የሚሉ ሰው ፊት ቆሜ «ጆሮዬን ትቼው መጣሁ» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

ነገሩ ግን በየቀኑ ይከፋ ጀመር። ከግራዬ ሆነው ሲጠሩኝ አልሰማም። ደጅ ላይ እህል እየነፋሁ ሁለቴ ሦስቴ ተጣርተው ዝም ስላቸው መቋሚያቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ሰው ፊትም ሆነ። አንድ ቀን ከይፋግ የመጡ ካህን እንግዳ ቤታችን ተቀምጠው ሳለ አባቴ ውኃ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። እንግዳው ተነሥተው ራሳቸው ቀዱ። ማታውን አባቴ ራት ሲበሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

በዚያው ሰሞን የልጅነቴን ዘፈኖች ለማስጫን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የእኔ እኩያ የሚሆን ሰው ነው፤ ከሐሙሲት መጥቶ ከተማ የከረመ። የምፈልጋቸውን ነገርኩት፣ ሚሞሪዬን ሞላልኝ። በመንገድ ላይ ሄድፎኔን አድርጌ አንዱን ከፈትኩ። አውቶቡስ ውስጥ ስንት ጊዜ የሰማሁት፣ በመሰንቆ ብቻ የሚጀምር፣ ዘፋኙ ቆየት ብሎ የሚገባበት ዘፈን ነው። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ከዚያ ዘፋኙ ብቻውን፣ ባዶ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው፣ መዝፈን ጀመረ።

ተመልሼ ሄድኩ።

«መሰንቆው የለም» አልኩት።

«ብዙ ዘፈን እንዲይዝልሽ አሳንሼ ነው የጫንኩት፤ ሲያንስ ድምፁ ይሳሳል» አለኝ። «ጥቂት ይሁኑ ካልሽ ሙሉውን እጭናለሁ።»

«ጥቂት ይሁኑ።»

በድጋሚ ጫነልኝ። የዘፋኙ ድምፅ በርግጥ ጠራ፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። መሰንቆው ግን አሁንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ባለቤቱ ትንሽ ተሰላችቶ ነበር። የሽቦውን ጫፍ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ ሰካ፣ ሄድፎኑን ራሱ ላይ አደረገና ወዲያው ፈገግ አለ።

«ይኸው እኮ! መሰንቆው ጥርት ብሎ ይሰማል። ምን ሆነሻል?»

አውልቆ ሰጠኝ። ስቀበለው ሳላስተውል አዙሬ አደረግኩት። መሰንቆው መጣ። ልክ እንደማውቀው፣ እያለቀሰ፣ ወደ ላይ እየወጣ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ዘፋኙ የሚገባበት ቦታ ደረሰ፤ አልገባም። መሰንቆው ማንንም ሳያጅብ ብቻውን ቀጠለ።

ገባኝ። አወለቅኩት፣ አዙሬ አደረግኩት፤ ዘፋኙ። እንደገና አዞርኩት፤ መሰንቆው። ባለቤቱ ሁሉን ቆሞ ያይ ነበር። ሌላ ደንበኛ ሊገባ ሲል በእጁ ምልክት «ቆይ» አለውና ወደ እኔ ዝቅ ብሎ ተናገረ።

«እታለም፣ አንዱ ጆሮሽ አይሰማም እንዴ?»

አገሬ ከገባሁ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። በርጩማ አቀረበልኝና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ድሮ ሲቀዱ ድምፃዊውን በአንድ ወገን፣ መሣሪያውን በሌላው ወገን ያደርጉ እንደነበር፣ ሁለቱን ቀላቅሎ በሁለቱም ወገን እኩል ማድረግ እንደሚቻል እየነገረኝ አንድ በአንድ ሠራልኝ። ከዘፈኖቹ ጋር አባቴ ይወዱታል ብዬ የጠየቅኩትን የማኅሌት ቅጂም እንዲሁ ቀላቅሎ ጨመረልኝ። ሲጨርስ ዘፋኙም መሰንቆውም በቀኝ ጆሮዬ አብረው ገቡ። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ግን እስከ ቤታችን በር ድረስ ብቻ ነው።

አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ሲጠሩኝ ኖሯል።

«ስንት ጊዜ ልጥራሽ?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ያ ነው የከፋው። «ሠርተሽ የጦርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ጣሪያዬን የሠራሽው አንቺ ነሽ። እሱን አልረሳሁም። ግን አባት መሆኔን ልተወው እንዴ? ከፈለግሽ ንገሪኝ፤ ዳግመኛ አልጠራሽም።»

«አባባ፣ አልሰማሁዎትም።»

«አጠገብሽ ቆሜ?»

«በግራዬ ነበሩ። ግራዬ አይሰማም።»

ትኩሳቱን፣ መግሉን፣ ክኒኑን፣ ስልኩን ወደ ቀኝ ማዛወሬን ነገርኳቸው። ከዚያ በሩ ጋ ያለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«በስልክ ደህና ነኝ ስትይኝ ድምፅሽ ደህና አልነበረም» አሉ። «ሰምቼው ነበር። መንገዱ ነው፣ ርቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

ልጽናናቸው ፈልጌ ሄድፎኑን አወጣሁ። «ይኸው፣ አሁን ተስተካክሎልኛል፤ ማኅሌትም አስጭኛለሁ፣ ይስሙት» አልኩና ነጠላቸውን ገለጥ አድርጌ አደረግኩላቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው በልማድ ጸናጽል እንደያዘ ሰው ተነሣ፤ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ቀኙ የት ነው?» አሉ።

«ምኑ አባባ?»

«ቀኝ ወገኑ። ግራ ወገኑስ? አንዱ ሲመራ ሌላው መቀበል አለበት። እዚህ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ነው የቆሙት፤ ሰው በሰው ላይ ቆሟል። ራሴ ውስጥ ነው የሚጮኹት። መሪው ወዴት ነው ያለው?»

«እኔ እንዲህ ነው የምሰማው» አልኳቸው። «ሁሉንም። እርስዎ ሲጠሩኝም፣ ተማሪዎቹ ሲያዜሙም።»

ሄድፎኑን በሁለት እጃቸው አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከጎጆዎቹ በአንዱ አንድ ተማሪ ዜማ ስቶ ሄደ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያልፉ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት አለፉት።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ልቀመጥ ስል እጄን ይዘው አስነሡኝና ቦታ ተለዋወጥን፤ በቀኜ እንዲሆኑ ነው። ሐኪሙ በመሣሪያ መረመረኝ፣ ወረቀት ላይ መስመር ሣለ፣ ወደ አባቴ ዞሮ ተናገረ። የግራው የውስጥ ነርቭ ሞቷል፤ በወቅቱ ቢታከም ይተርፍ ነበር፤ አሁን የሚደረግለት የለም። ሥራው ቀኙን መጠበቅ ነው። ማጫወቻ እንደምወድ ስነግረው ቁጣ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሄድፎኑን አገላብጦ አየና «ይሄ ከትንንሾቹ ይሻላል» አለ። «የውጭውን ጩኸት ስለሚከለክል ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም። ሰው ጆሮውን የሚያጠፋው መንገድ ላይ ከሞተሩ ጋር ሲፎካከር ነው። ዝቅ አድርጊው። ጆሮሽን እያሳረፍሽ ስሚ።»

ስንመለስ አባቴ እያለቀሱ እንደሆነ ያወቅኩት ነጠላቸውን ደጋግመው ወደ ፊታቸው ሲያነሡ ነው።

የደብሩ ታቦት የሚነግሥበት በዓል ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። በቀኜ መጥተው ነው የጠሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። «ነጠላሽን ልበሽና ተከተይኝ» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነበር። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ቅኔ ማኅሌቱ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ሁለት ከበሮም ተዘጋጅቷል። ለልምምድ መሰለኝ። አባቴ ግን እኔን ወደ ሴቶች መቆሚያ ወሰዱኝና ከበሩ አጠገብ አቆሙኝ። በእጃቸው ምልክት ሲሰጡ ተማሪዎቹ ጀመሩ።

«እንዴት ነው?»

«ነፋሱ ይወስደዋል።»

ወደ ፊት አስጠጉኝ። ከበሮው ሁሉን ዋጠው። ወደ ኋላ መለሱኝ፤ ቃሉ ጠፋ። ምሰሶ አጠገብ አቆሙኝ፣ አዞሩኝ፣ ግማሽ እርምጃ ገፉኝ፣ ራሳቸው እየሄዱ ቆመው አዳመጡ፣ የግራ ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው እንደገና አዳመጡ። ተማሪዎቹ ደክሟቸው ነበር፤ አንድም ያጉረመረመ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የድንጋዩ ግንብ በሚታጠፍበት ጥግ የግራ ትከሻዬን ከግንቡ ጋር አስጠግተው አቆሙኝ። ጣታቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ከፊቴ ቆሙ።

«አሁንስ?»

አንደኛው ወገን ሲመራ፣ ሌላው ሲቀበል ሰማሁ። የትኛው ከየት እንደሆነ ጆሮዬ አልነገረኝም፤ ዓይኔ ነገረኝ። ግን አንዱም ሌላውን አልሸፈነውም። የጸናጽሉ ድምፅ ሳይቀር ደረሰኝ።

«እዚህ ጥሩ ነው» አልኩ።

«እኔም እዚህ ጥሩ ነው ብያለሁ» አሉና ጣታቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ወደ ተማሪዎቹ ዞረው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃል» አሏቸው።

በበዓሉ ዕለት ሲነጋጋ ሄጄ ያቺን ጥግ ያዝኩ። ሴቶች እየበዙ ገፉኝ፤ ግንቡን አልለቅም ብዬ ቆምኩ። ወረቡ ሲደምቅ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ አባቴን በካህናቱ መካከል አየኋቸው። አርጅተዋል። መቋሚያቸውን ሲያነሡ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። ወደ እኔ ጥግ አንድ ጊዜም አላዩም፤ ማኅሌት ላይ ሆነው ወዲያ ወዲህ የሚያዩ ሰው አይደሉም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቁልቁለቱን አብረን ወረድን። የጉና ብርድ ፊት ይገርፋል። እሳቸው በቀኜ ናቸው።

«እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ወረቡ ሊያልቅ ሲል ከሁለቱ ከበሮዎች አንዱ ቸኮለ።»

ቆሙ። «የቱ?»

«የቱ እንደሆነ አላወቅኩም። መቸኮሉን ግን ሰማሁ።»

«የግራው ነው» አሉ አባቴ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው እያዩኝ። «እኔም ሰምቻለሁ። ነገ እነግረዋለሁ።»